ተራው የደረሰ እርማት

ሟቹ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። እግሮቹን ዘርግቷል፤ እርሳሱ ከጣቶቹ መሃል አልወደቀም። አንገቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ከማለቱ በቀር ሥራ መሃል እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስላል። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ፊት ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስጨንቃታል። የታገለ ሰው ቢያንስ መሞቱን አውቆ ነው የሞተው።

«ምን ገደለው?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«አየሩ። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን አልነበረም፤ ናይትሮጅን ሞልቶበታል። ክፋቱ ደግሞ ሰውነት አይነቃበትም። ትንፋሽ አያጥርም፣ አያስልም። ራስን ትንሽ ከበድ ያደርግና ያበቃል።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አልተቆለፈም። ከውስጥ ገፋ ቢያደርገው ይከፈት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። ወፍራም የብረት በር ነው፤ ጠርዙን ዙሪያውን ጎማ ይዞታል። ጭረት የለበትም። ከውጭ በኩል ሚስማር ላይ አንድ የእንጨት ሽብልቅ በገመድ ተንጠልጥሏል። ከበሩ ፊት ለፊት ኮምፒውተር የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና የክፍሉን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እግሮቿ እንደ ሕፃን ልጅ እግር ተንጠለጠሉ።

ድርጅቱ ሶፍትዌር ሠሪ ነው። ትላልቅ የፍራፍሬ መጋዘኖች ፍሬው ቶሎ እንዳይበስል ናይትሮጅን እየለቀቁ የአየሩን ኦክስጅን ያሳሱታል፤ በሩንም፣ ጋዙንም፣ ደወሉንም የሚያዝዘው እነሱ የሚሠሩት ፕሮግራም ነው። ይህ ክፍል መሞከሪያቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እያለከለከ ወረደ። አጠር ያለ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። የኛ ስህተት ሳይሆን የአንዲት ልጅ ስህተት ነው። አዲሱን ፕሮግራም ለደንበኞች የምናስረክብበት ቀን ደርሷል። ሠራተኛው ፕሮግራሙ ላይ ያገኘውን ስህተት ያርማል፤ እርማት እንለዋለን። እርማት እንዲሁ ዘው ብሎ አይገባም። ሌላ ሰው ያነበዋል፣ ይሞክረዋል። የገምጋሚዎቹ ኃላፊ ሟቹ ነበር። ዛሬ የአዲሷን ልጅ እርማት ሊሞክር ገባ፤ እርማቷ ገደለው።»

«እርማቱን እርስዎ አንብበውታል?»

«እኔ? እኔ እኮ የአዳራሹን ፕሮጀክተር እንኳ ማብራት አልችልም።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። አልሳቀችም፤ እሱም አፈረ።

ፈታኟን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሥራዋ ፕሮግራሙን በመሞከሪያው ክፍል መፈተሽ ነው፤ ሬሳውንም መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ደቃቃ ሴት ናት፤ የክፍሉን ቁልፍ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«የምን ቧንቧ?»

«የጋዙን። እኛ ሁልጊዜ አንድ ቀን በሩንና ማሽኑን እንሞክራለን፤ ያን ቀን ጋዙ ዝግ ነው። በሌላ ቀን ጋዙን እንሞክራለን፤ ያን ቀን ሰው አይገባም። ቀን አጠረን ተባለና ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ዛሬ ጨርሺ አሉኝ። ከሰዓት ልሞክረው ጠዋቱን ከፈትኩት። ለዳኛው ልነግረው ስል ከደንበኞቹ ጋር ስብሰባ ተጠራ። እዚያ አገኘዋለሁ ብዬ ሄድኩ። አልመጣም።»

«ዳኛው ነው የምትሉት?»

«ሁላችንም። አያዳላም ነበርና።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ቧንቧው ክፍት ቢሆንም እኮ ችግር አልነበረውም። በሩ ላይ የገባውን ሰው የሚቆጥር ዓይን አለ። ማሽኑ ሰው እንዳለ ካወቀ ጋዙን አይለቅም። ቢለቅ እንኳ ይጮኻል። ዛሬ ግን ምንም ሳይጮኽ…»

«ብቻውን ነበር የገባው?»

«እሱ?» ፈታኟ ቀና አለች። «ብቻውን የሚገባ ሰው ሽብልቁን በሩ ሥር ወትፎ ነው። ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። በሩን ዘግቶ የሚሞክር ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ጠባቂ ያስቀምጣል።»

«አንቺ ስትደርሺ ጠረጴዛው ጋ ማን ነበር?»

«ማንም። ማሽኑን ላጠፋ ወንበሬ ላይ ዘልዬ ስቀመጥ እግሬ መሬት አልነካም። ይሄን ሳስብ ያሳፍረኛል፤ ሰው ሞቶ እኔ ወንበሬን ማን ከፍ አደረገብኝ ብዬ ተናደድኩ።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋት አለፈች።

አዲሷ ፕሮግራመር ድርጅቱ ውስጥ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ኮምፒውተሯ ከሁሉም ያረጀው፣ ጠረጴዛዋም ከመተላለፊያው ዳር ነበር። መርማሪዋ ስትገባ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«እሱን ላውቅ ነው የመጣሁት። ተቀመጪ። እርማትሽ ምን ነበር የሚያርመው?»

ልጅቷ አመነታች። «ተሞክሮ እስኪገባ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር። ሰው ስለ ስህተቱ ሰምቶ በቸልታ ልሞክረው እንዳይል።»

«ለኔ ንገሪኝ። ኮምፒውተር ለማታውቅ አክስትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ።»

«ኤሌክትሪኩ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ማሽኑ የቆጠረውን ይረሳል። ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ክፍሉ ባዶ ነው ይላል። ባዶ ከሆነ ጋዙን ይለቃል፤ ደወሉም አይጮኽም። የኔ እርማት እንዳይረሳ ያደርገዋል።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና ዳኛው ብቻ። ሁለተኛው አንባቢ ነገ ነበር የሚጀምረው። ሰሞኑን ሁሉም ወረፋሽን ልቀቂልን ይለኝ ነበር። የማስረከቢያው መዝጊያ ቀን ሲደርስ እንዲህ ነው አሉ፤ የሁሉም ሰው እርማት አስቸኳይ ይሆናል። እሱ ግን ‹አስቸኳይ የምትሉትን ሁሉ ባስቀድም፣ ዝም ያለው መቼ ይደርሰዋል?› ይላቸዋል። ሲያነብ የጻፈውን ሰው ስም በወረቀት ይሸፍን ነበር፤ ስም ካየሁ ዓይኔ ያዳላል ይላል።»

«ዛሬ ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር?»

«አልሄደም። ይሄ ኮምፒውተር ትንሽ ብልጭ ካለ ይጠፋል፤ ጠዋት የጀመርኩት ሥራ ግን እንዳለ ነው።»

መርማሪዋ ፈታኟንም ጠርታ ሦስቱም ወደ መሞከሪያው ወረዱ። ሬሳው ተነስቷል። አዲሷ ልጅ ማሽኑ ላይ ያለውን ፕሮግራም ከፍታ መስመር በመስመር ወረደችበት። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«የኔ እርማት የለበትም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ የድሮው ነው።»

«አልተጫነ ይሆን?»

«ጠዋት ቧንቧውን ሳልከፍት በፊት፣ ዳኛው ሲጭነው አብሬው ነበርኩ» አለች ፈታኟ። «አንድ ሰው መልሶ አውጥቶታል።»

የሟቹ አማች ባዶው አዳራሽ ውስጥ ነበር። የድርጅቱ ነባር ፕሮግራመር ነው። ከፍጥነቱ የተነሳ «ጥይት» ይሉታል፤ ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብሎም ከመርማሪዋ ጋር ይተካከላል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከእህቴ ጋር ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ክፍል ነበር የተማርነው። በሠርጉ ቀን እንኳ ሰው በሰልፍ ይሳመኝ ሊል ምንም አልቀረው። የገዛ እናቱን እርማት ወረፋ የሚያሲዝ ሰው ነበር።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

«የአዲሷን ልጅ እርማት አይተኸዋል?»

«አላየሁም። የኔ ተራ አልነበረም። ዳኛው ደግሞ ያልተመደበለትን ሰው አያስነካም።»

«ታዲያ ምን የተፈጠረ ይመስልሃል?»

«ምን አውቄ። መብራቱ ጠፋ ብሎ ሲመለስ ማሽኑ ጋዙን ለቆት ይሆናላ። ምስኪን፣ ምንም አላወቀም።»

መርማሪዋ ፊቷን አልቀየረችም። «አንተስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሥራዬን ለደንበኞቹ ሳሳይ።»

«ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

መናገር ሲጀምር ድምፁ ለአፍታ ሕይወት ዘራ። መጋዘኖቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችል ሥራ ነው፤ ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። በዚህ ዙር ካልገባ ደንበኞቹ ውሉን ለሌላ ድርጅት ይሰጡታል ተብሏል። ከዚያ የሚያወራው ነገር ለማን እንደሆነ ያስታወሰ ይመስል ወሬውን አቋረጠ።

ሥራ አስኪያጁ መተላለፊያው ላይ ሲጠየቅ፣ ስብሰባው ላይ መጨረሻ የደረሰው ጥይት እንደሆነ ተናገረ። ደንበኞቹ ስለቸኮሉ በስልክ ጠርቶት ነው የመጣው።

የሟቹ ሚስት የደረሰችው በዚያው ሰዓት ነበር። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጩን ካፖርት ሳታወልቅ መጥታለች። ወንድሟ ሲያቅፋት አንገቱ ሥር ተሸጉጣ ለረጅም ጊዜ ቆየች። መርማሪዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። የምታውቀውን በማወቋ በዚያች ሰዓት ሥራዋን ጠላችው።

ለብቻቸው ሲሆኑ ሴትዮዋ ራሷ ጀመረች። «እሱ ጠንቃቃ ነው። ለልጆቹ ወተት ሲያሞቅ እንኳ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ነው። እንዴት ብቻውን ይገባል?»

«ጠዋት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«ምንም። ‹ዛሬ ወንድምሽን አስቀይመዋለሁ› አለኝ። ምን አድርገህ ስለው ‹የልጅቷ እርማት የሱ ሥራ የቆመበትን መሠረት ይነካበታል። ቆይልኝ ብሎኛል፤ ግን ተራው የሷ ነው› አለ። እነሱ እኮ ሲኮራረፉም አብረው ነው ምሳ የሚበሉት።» ከዚያ የመርማሪዋን ፊት አየች። «ምነው?»

«ሁሉንም ላነጋግራቸው ነው። ከፈለግሽ አንቺ ቤትሽ ሄደሽ…»

«አልሄድም» አለች።

ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ በር አጠገብ፣ ፈታኟና አዲሷ ልጅ ጎን ለጎን፣ እህትና ወንድም ከጠረጴዛው ማዶ። ወንድምየው የእህቱን እጅ ይዟል።

«እኔ ስለ እናንተ ሥራ ጠዋት የማውቀው ነገር አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «አሁን ትንሽ አውቃለሁ። በመጀመሪያ፣ ሟቹ ብቻውን አልነበረም። ሽብልቁ ሚስማሩ ላይ ነው፣ በሩም ተዘግቷል። ደንቡን ያወጣ ሰው ደንቡን አይጥስም። ስለዚህ ጠረጴዛው ጋ የሚያምነው ጠባቂ ነበረው።»

አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሁለተኛ፣ የዚህች ልጅ እርማት ማንንም አልገደለም። ማሽኑ ላይ አልነበረም። ሟቹ ከገባ በኋላ ጠባቂው አውጥቶ የድሮውን መልሶበታል። ሟቹ እርማቱን እየሞከረ መስሎት ነው ውስጥ የተቀመጠው።»

አዲሷ ልጅ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ፈታኟ ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

«ሥራ አስኪያጁ ይህን ማድረግ አይችሉበትም። ልጅቷ የራሷ እርማት እንዲወድቅ አትፈልግም። ፈታኟ ደግሞ ወንበሩ ከፍ ብሎባታል፤ ሰው የገዛ ወንበሩን እግሩ እስኪንጠለጠል ከፍ አያደርግም። የተቀመጠበት ሰው ረጅም ነው።»

እህትየው እጇን ከወንድሟ እጅ ውስጥ አላወጣችም።

«ሕንፃው ውስጥ ዛሬ መብራት አልጠፋም» ስትል መርማሪዋ ወደ ጥይት ዞረች። «የጠፋው መሞከሪያው ክፍል ብቻ ነው፤ በቀዩ ማጥፊያ። አንተ ግን ‹መብራቱ ጠፋ ብሎ ሲመለስ› አልከኝ። መጥፋቱን ካየህ እዚያ ነበርክ። አላየሁም፣ ስህተቱን ስለማውቅ ገመትኩ ካልክ ደግሞ እርማቱን አንብበኸዋል። ለኔ ግን አላየሁም ብለኸኛል። የትኛውን ልመንህ?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኢንስፔክተር፣ እሱና ዳኛው እኮ እንደ ወንድማማች…»

«ተዉት» አለ ጥይት። «ሁለቱንም ነው። ተደብቄ አንብቤዋለሁ። እዚያም ነበርኩ።»

የእህቱን እጅ የለቀቀው እሱ ነው።

«የልጅቷ እርማት ከገባ የኔ ሥራ ከዙሩ ይወጣል። ከሱ ጋር አይሄድም። እስከሚዘጋ አቆይልኝ አልኩት፤ ‹ለኔ ሲሆን የሚታጠፍ ሕግ ሕግ አይደለም› አለኝ። ዛሬ ጠብቀኝ ሲለኝ… እርማቱን አወጣሁት። መብራቱን ጠፋ አድርጌ መለስኩት። ማሽኑ እንደረሳው ውስጥ ባለው ስክሪን ያያል፤ እርማቱ አይሠራም ብሎ ወጥቶ ይመልሰዋል፤ ዙሩ ያልፋል። ይኸው ነበር ሐሳቤ። በር በምንሞክርበት ቀን ጋዙ ዝግ ነው። ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

«ዛሬ ክፍት ነበር» አለች ፈታኟ በሹክሹክታ።

«ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። ደንበኞቹ ሊሄዱ ነው፣ ቶሎ ና ተባልኩ። ያየውን ጽፎ ሲበቃው ይወጣል ብዬ… ሄድኩ። እዚህ ቆሜ ሳስቃቸው ነበር። የዚያን ያህል አምሮልኝ አያውቅም።»

«መሞቱን ስትሰማ ለምን አልተናገርክም?» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ ገዳይ ስትባል እየሰማህ ነበር።»

ስለ ጋዙ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ልጅቷ ግን እያወቀ ነበር ዝም ያለው። ይህን ሁሉም ተረዱት።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጠዋት ዳኛው እኔ ቢሮ መጥቶ ነበር» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ማስረከቢያውን ትንሽ ግፉልን አለኝ። ‹እርማቱ በተራው ይግባ፤ ከዚያ እኔ ከአማቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሥራውን እናስተካክለዋለን፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ መቅረት የለበትም› አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለማንም አልነገርኩም። ጋዙንና በሩን በአንድ ቀን ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጥይት ይህን ሲሰማ ረጅሙ ሰውነቱ ከወገቡ እንደታጠፈ ቀረ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሊወጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ አዲሷ ልጅ ዘወር አለ። «ያንቺ እርማት አሁኑኑ ይግባ። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ልጅቷ እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ሁለት ሰው ሳያነበው አይገባም። የራሴን እኔ አላጸድቅም። ስህተት ሊኖርበት ይችላል።»

«መዝጊያው እኮ…»

«ይለፍ» አለች ፈታኟ። «እኔ አነበዋለሁ። ሁለተኛ ሰው እስኪገኝ ማንም ምንም አያስረክብም።»

ሥራ አስኪያጁ አልተከራከረም።

ግቢው ውስጥ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። እህትየው ነጩን ካፖርቷን እንደለበሰች ተከትላቸው ወረደች። መርማሪዋ ፖሊሶቹ ትንሽ ፈንጠር እንዲሉ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ ራሷም ዞር አለች፤ ግን ትሰማ ነበር።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች እህትየው። «ጠርቶህ ነበር?»

«አልጠራኝም፣ እህትዓለም።»

«ልክ ንገረኝ።»

«አልጠራኝም። ለምን ይጠራኛል? አጠገቡ ያለሁ መስሎታል።»

ሴትዮዋ ራሷን ብዙ ጊዜ ነቀነቀች፣ አንድ ከባድ ሂሳብ በመጨረሻ እንደገባት ሰው። አልሰደበችውም፣ አላቀፈችውም። መኪናው ሲወጣ በሩ ጋ ቆማ እስኪታጠፍ አየችው።

«ላድርስሽ» አለቻት መርማሪዋ።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሰኞ ሰኞ የሚያመጣቸው አጎታቸው ነበር። ዛሬ ለምን አንቺ መጣሽ ይሉኛል።» የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት መርማሪዋ ፈታችላት። «ቀስ ብለን እንሂድ። ከየትኛው እንደምጀምርላቸው መንገድ ላይ ላስብ።»